አምስት ሰዓት ላይ የተነሣው ፓምፕ

«…ሰዓቱን ያዛባው ተጠቃሚው ነው ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም» አለች ራሔል፣ ወረቀቱን በጣቷ ወደ እኔ እየገፋች። «ውሸት አለበት? ሰውየው አምስት ሰዓት ብሎ ሞልቷል። መሣሪያው አምስት ሰዓት ላይ ተነሥቷል። የታዘዘውን ነው የሠራው።»

«መሣሪያማ የታዘዘውን ይሠራል» አሉ ጋሽ ሰይድ። እንደ ልማዳቸው አልተቀመጡም፤ መስኮቱን ተደግፈው ቆመዋል። «ጥያቄው ሰውየው ምን ያዘዘ መሰለው ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ ፍልስፍና ነው። አቶ ደሳለኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ ይደርሳሉ። ፍልስፍና ላቅርብላቸው?»

«እውነቱን አቅርቢላቸው።»

«እውነቱ ምንድነው? ይንገሩኝና እኔም ልወቀው።»

ጋሽ ሰይድ አላወቁትም ነበር። እኔ አውቀው ነበር። ወረቀቱን እያየሁ የማነብ መሰልኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ባለው የአቶ ደሳለኝ የሽንኩርት እርሻ ላይ እኛ የሠራነው የፓምፕ መቆጣጠሪያ ያለ ሰዓቱ ተነሣ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አልነበረም፤ ፓምፑ አየር ሲስብ ቆይቶ ሞተሩ ተቃጠለ። ሽንኩርቱም ራስ በሚቋጥርበት ሳምንት አራት ቀን ሙሉ ውሃ ሳያይ ቀረ። ወረቀቱ ላይ ከፈረምኩ ጥፋቱ የፓምፑ ሠራተኛ የኦቦ ጉርሜሳ ይሆናል፤ ሥራቸውን፣ ከሚስታቸው ጋር የሚኖሩባትንም ከፓምፑ ጎን ያለች ክፍል ያጣሉ። ካልፈረምኩ ጥፋቱ የኛ ነው፤ አቶ ደሳለኝ ያዘዙልን የሌሎች ሦስት እርሻዎች ሥራ ይቀራል። ያ ከቀረ ራሔል መሥሪያ ቤቱን መዝጋቷ ነው። ስክሪኑን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ የሚፈለገው ፊርማ የእኔ ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቀርቶናል።

*

አሁን የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። በሠርግ ጥሪ ላይ የሙሽሮችን ስም አርማለሁ፤ የምረቃ መጽሔት እገጣጥማለሁ። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፈው ጡረታ የወጣ ሰው ነው ብለው ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያን ሥራ የሠራሁትም አምስት ዓመት አይሞላም። ግን ከዚያ ወዲህ ያሉትን ቀናት ስቆጥር ያኔ የነበርኩት ሰው ታላቅ ወንድሜ ይመስለኛል፤ የሆነ አገር የሄደ፣ ደብዳቤ የማይጽፍ።

መሥሪያ ቤታችን አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ ሲሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ክፍል ነበር። የምንሠራው ሰውና ማሽን የሚነጋገሩባትን ትንሽ ስክሪን ነው፤ የፓምፕ፣ የሚዛን፣ የወፍጮ። ራሔል የቀጠረችኝ ለአንድ ጁስ ቤት የሠራሁትን ሜኑ አይታ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት አልነበረም፤ ከስልክና ከተዋስኩት ላፕቶፕ የለቀምኩት ነው። ግጥም እንደምጽፍ ስነግራት «ችግር የለም፣ እኛም አጭር ጽሑፍ ነው የምንፈልገው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከፋት ብቻ ነው በስሜ ናሆም ብላ የምትጠራኝ፤ ደስ ሲላት ገጣሚው ነኝ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ተርፎ ደብተር ይገዛል፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

የምንሠራበት ሶፍትዌር ስትከፍተው ባዶ አራት ማዕዘን ይሰጥሃል። ስፋቱ የመሣሪያው ስክሪን ስፋት ነው፣ ከመዳፍ አይበልጥም። ከጎን መጫኛው፣ መብራቱ፣ ቁጥር መሙያው፣ ሰዓቱ ተደርድረዋል፤ እየጎተትክ ታስቀምጣለህ። ከታች አንዲት ቀጭን መስመር አለች፣ ሚሞሪው ምን ያህል እንደሞላ የምትናገር። ሥዕል ባስገባህ ቁጥር ትረዝማለች። ቀይ ስትሆን የምትወደውን አንድ ነገር ትጥላለህ። ሲያልቅ ሶፍትዌሩ ራሱ ሥዕሉን ማሽኑ ወደሚገባው ኮድ ይቀይረዋል፤ ከፈለግክም መሣሪያውን ላፕቶፑ ላይ አስመስሎ ያሠራልሃል።

ሚሞሪው ጠባብ ስለሆነ የአማርኛ ፊደል ሁሉ አይገባበትም። የምትጠቀምባቸውን ብቻ መርጠህ ታስገባለህ። የመጀመሪያው የፓምፕ ስክሪኔ ስልሳ አንድ ፊደል ነበረው። ምሳ ሰዓት ላይ በስልሳ አንዱ ብቻ ግጥም ለመጻፍ እሞክር ነበር። «ፍቅር» አይጻፍም፤ «ፍ» አልገባችም። «ውሃ» ይጻፋል። «ቆመ» ይጻፋል። «ይጠብቁ» ይጻፋል። ሦስቱ ለአንድ ግጥም ይበቁኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ፊደል በእጄ ሆኖ ያን ያህል አልጻፍኩም።

ጋሽ ሰይድ ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው አዳማ ያረጁ ሰው ናቸው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ራሔል ለኳድሮ፣ ለኤሌክትሪክ ሣጥን ሥራ፣ ቀጠረቻቸው። ኮምፒዩተር አይነኩም ነበር። ካቻቢቴያቸውን ከሸሚዛቸው ኪስ፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አይለዩም። እኔን ከእሳቸው ጋር የመደበችኝ የሽቦ ሥራ እንዲያስተምሩኝ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ላፕቶፑ ላይ የሠራሁትን ስክሪን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «ማን ነው የሚነካው?»

«ተጠቃሚው።»

«ስም የለውም?»

ስሙን አላውቀውም ነበር። ሰውየው ሞጆ መኖሩን እንኳ ከራሔል ነው የጠየቅኩት። ከምሳ በኋላ ጋሽ ሰይድ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ይዘው መጡና በመሣሪያው ልክ በመቀስ ቆረጡት። የእኔን ስክሪን እያዩ በእርሳስ ሣሉበት፤ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ካርቶን። «ነገ ሞጆ ነን» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ እኮ እዚሁ አስመስሎ ያሳያል።»

«እዚያ ላይ የምትነካው በማውስ ቀስት ነው። ቀስትህ መርፌ ናት፤ የሰው ጣት ካሮት ነው።»

አሠራራቸው ይህ ነበር፣ አንድም ጊዜ ሲያጓድሉ አላየሁም። ካርቶኑን ይዘው መሣሪያውን በእጁ ወደሚነካው ሰው ይሄዳሉ። ባለቤቱ አይበቃም፤ ኃላፊው አይበቃም፤ ቁልፉን የሚጫነው ሰው ራሱ መሆን አለበት፣ ሥራው ቦታ ላይ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ። «ይህ ማሽኑ ነው እንበል። ውሃውን ክፈቱልኝ» ይላሉ። ሰውየው ካርቶኑን ሲነካ የሚቀጥለውን ካርቶን ይቀይሩለታል። አያርሙም፣ አይጠቁሙም። ሰውየው ተሳስቶ ቢነካ ማሽኑ የሚያደርገውን ያደርጋሉ። ቀኝ ኪሳቸው ውስጥ የሽምብራ ቆሎ አለ፤ የሰውየው ጣት ባመነታ ቁጥር አንዲት ፍሬ ወደ ግራ ኪሳቸው ያዛውራሉ። በመመለሻችን ሚኒባስ ውስጥ የግራውን ኪስ ይቆጥሩና «አሥራ ሁለት ጊዜ ቆሟል» ይሉኛል። ከዚያ ያካፍሉኛል። «ብላ፣ ያንተው ነው።»

ሞጆ የሄድንበት አንድ የግል መጋዘን የከባድ መኪና ሚዛን ነበረው። ሹፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ በመስኮት እጁን ዘርግቶ የሚነካው ስክሪን። እኔ መደቡን ጥቁር፣ ጽሑፉን ቀጭን ነጭ አድርጌው ነበር፤ ቢሮ ውስጥ የከዋክብት ሰማይ ይመስላል። ጋሽ ሰይድ ሙከራ ብለን ያመጣነውን ስክሪን ቦታው ላይ አስገጥመው ሰባት ሰዓት ቀን ላይ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ አንዱ ተሳቢ መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀመጡኝ።

«ምን ይታይሃል?»

«ራሴ» አልኩ። መስታወቱ ላይ ከፊቴ በቀር ምንም አልነበረም።

ሹፌሩ መሪውን ተደግፎ ጫት ከሚያኝከው ረዳቱ ጋር ተሣሣቀ። «እሱንማ እኛም አይተን ነው የተውነው» አለኝ።

በማግስቱ መደቡን ነጭ፣ ቁጥሩን እንደ መኪና ታርጋ ወፍራም አደረግኩት። አያምርም ነበር። ጋሽ ሰይድ አዩትና «አሁን ሰው ያናግራል» አሉ።

አቦምሳ የሄድነው ለወፍጮ ቤት ነው። መንገዱ ላይ ጋሽ ሰይድ ስለ ፋብሪካው ዘመናቸው ያወሩኛል፤ ሺህ የሽመና ማሽን አንድ ላይ ሲቆም ጆሮ ውስጥ ስለሚገባው ዝምታ። እኔ እጽፈዋለሁ እያልኩ እሰማለሁ፤ አልጻፍኩትም። ወፍጮዋን የምታሠራው ሴትዮ ስክሪኑን ሦስት ጊዜ ነካችው፣ አልሰማትም፤ ጣቷ ዱቄት ነው። እኔ ከቦርሳዬ ጨርቅ አወጣሁላት።

«ምን ላድርግበት?» አለች።

«ጣትዎን ይጥረጉበት እትዬ።»

«የኔ ልጅ፣ እጄን ዱቄት የማይነካው እሁድ ብቻ ነው።»

ጋሽ ሰይድ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ጣሪያው አዩ። ከዚያ ካርቶኑ ላይ ከስክሪኑ በታች አራት ክብ ሣሉ፤ አራት ትልልቅ የሚጫኑ ቁልፎች፣ በጡጫ ቢመቱ የማይሰበሩ። የጎተትኩትና ያስቀመጥኩት መጫኛ ሁሉ ተጣለ። ስክሪኑ ማሳየት ብቻ ቀረው። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። ዛሬ ያን ወፍጮ ቤት ሳስብ የምኮራበት ብቸኛ ሥራዬ ይመስለኛል፤ አብዛኛው ደግሞ የእኔ አይደለም።

ስክሪኑ በሁለት ቋንቋ ነው የሚሠራው። አማርኛው አጭር ሆኖ ኦሮምኛው በላቲን ፊደል ሲጻፍ ረዘም ይላል። እኔ መጫኛውን በአማርኛው ለክቼ ኦሮምኛውን በደቃቅ ፊደል አጨናንቄው ነበር። «በር የሚለካው በረጅሙ እንግዳ ነው» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ኦሮምኛውን እጽፋለሁ።

የሚናፍቀኝ ይህ ሁሉ ነው፤ ግን ከሁሉ የሚብሰው አንዲት ቅጽበት ናት። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ካርቶን ላይ፣ ሰውየው «ውሃውን ክፈቱ» ሲባል ጣቱ ሳይቆም ሲያልፍ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እንደሚያውቀው በር ከፍቶ እንደሚገባ። ጋሽ ሰይድ ያን ጊዜ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ኋላ ያጣምሩታል። አያመሰግኑህም። ሚኒባሱ ውስጥ ግን መስኮት በኩል አስቀምጠውህ ይተኛሉ። ግጥም አንብቤ የተጨበጨበልኝ ጊዜ አለ፤ ከዚያ የሚኒባስ እንቅልፍ አይበልጥም።

አሁን ስደውልላቸው ስልኬን አያነሱም። በየበዓላቸው እደውላለሁ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቆማል።

*

የዓለም ጤናው ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። አራት እርሻዎች በቦይ የሚመጣ ውሃ አንድ ጉድጓድ ውስጥ እያጠራቀሙ በተራ ይስባሉ። የአቶ ደሳለኝ ተራ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ነው። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ የሌሎቹ ነው፤ ረፋዱ ላይ ጭቃ ብቻ ይቀረዋል። ኦቦ ጉርሜሳ ያን ተራ ለመያዝ ለዓመታት በየሌሊቱ እየተነሡ ፓምፑን ያስነሡ ነበር። ኦቦ ማለት በኦሮምኛ እንደ አቶ ያለ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ፈገግ ሲሉ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሰው ናቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከጋሽ ሰይድ ጋር ሄደን መክፈቻና መዝጊያውን በካርቶን አስነካናቸው። ጣታቸው አልቆመም። ስንመለስ አቶ ደሳለኝ ደወሉ፤ «ሰዓት ይግባበት፣ በራሱ ይነሣ፣ ሰውዬውም ይተኛ» አሉ።

ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እኔ ደግሞ ኦቦ ጉርሜሳን አስቤ በኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ አደረግኩት። ስድስት ሰዓት የሚያዛውር ትንሽ ኮድ ጻፍኩ፤ ለቀን ፀሐይ፣ ለሌሊት ጨረቃ ሣልኩ። ጨረቃዋ ትንሽ ጎበጥ ብላ ታምር ነበር። በሕይወቴ ከጻፍኩት ስንኝ ሁሉ የተሻለ መሰለኝ። አንድ አዛውንት ዘመናቸውን ሙሉ በሰው ሰዓት ከሠሩ በኋላ ማሽን በራሳቸው ሰዓት ሲያናግራቸው ይታየኝ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ያን ሰሞን ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር። አዲሱን ካርቶን ቆርጠው ሰጡኝና «ሐሙስ ለብቻህ ሂድ። ኦቦ ጉርሜሳ ሳይነኩት እንዳይገጠም» አሉኝ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ አዳማ ውስጥ አንድ አዳራሽ የግጥም ምሽት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ልወጣ ስሜ ተለጥፏል። ዓለም ጤና ሄጄ መኪና ባጣስ? ሞጆ ላይ ብቆምስ? በዚያ ላይ አቶ ደሳለኝ የዚያን ቀን ለጉዳይ አዳማ መጥተው ነበር። ካፌ ውስጥ አገኘኋቸውና ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። «ሌሊት አሥራ አንድ ላይ ያስነሡልኝ» አልኳቸው። ጨረቃዋን ነኩ፣ አሥራ አንድን ነኩ፣ ማኪያቷቸውን አነሡ። አንዴም አልቆሙም።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ጠየቁኝ። «እንዴት ሆነ?»

«አንዴም አልቆመም።»

«ኦቦ ጉርሜሳ?»

«አዎ» አልኩ።

ከዚህች ቃል ሌላ ነገር አላልኩም። እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ኋላ አጣመሩት።

መሣሪያው ተገጠመ። በሦስተኛው ቀን ኦቦ ጉርሜሳ አቦምሳ ለቅሶ ተጠሩ፤ የእህታቸው ባል ሞቶ። ለዓመታት ከፓምፑ ጎን አድረው ነበርና ያ ማሽን ባይኖር አይሄዱም ነበር። እስከዚያ በእጃቸው ያስነሡ ነበርና ሰዓቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሞሉ፣ ከሚስታቸው ጋር ተሳፈሩ፣ አራት ቀን ቆዩ። ማሽኑ በማግስቱ ረፋድ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፣ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ተነሣ።

መዝገቡን ከመሣሪያው አውርጄ «ፀሐይ፣ አምስት ሰዓት» የሚለውን ሳይ ወዲያው ገባኝ። ሌሊት አሥራ አንድ በፈረንጅ የጠዋቱ አምስት ነው። እኔ ለእሳቸው ስል ሰዓቱን ወደኛ አዙሬዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ማሽን ሁሉ በፈረንጅ ይቆጥራል ብለው ወደዚያ አዙረውታል። ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው አሰብን፣ ፓምፑም ተቃጠለ። ካርቶኑ ዓለም ጤና ቢሄድ ኖሮ አንዲት የሽምብራ ፍሬ ኪስ ትቀይር ነበር፤ ያ ብቻ።

ገባኝ፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

*

አቶ ደሳለኝ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ገቡ። ከኋላቸው ኦቦ ጉርሜሳ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «አካም ጅርቱ» ብለው ሁላችንንም በየተራ ጨበጡን፤ እኔንም። ከዚያ የአግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ክርክር አልፈልግም» አሉ አቶ ደሳለኝ ገና ሳይቀመጡ። «ወይ ሰው ነው ወይ ማሽን ነው፤ ጻፉልኝ። ማሽኑ ከሆነ የሦስቱን እርሻ ሥራ ለሌላ እሰጣለሁ። ሰው ከሆነ እስከ ቅዳሜ ክፍሏን ይልቀቁልኝ። ከጎረቤት እኩል ያቆመኝ ሽንኩርት ነው የደረቀው።»

«ተጽፏል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አለች ራሔል።

ጋሽ ሰይድ ከመስኮቱ ተነሥተው መጡና ኦቦ ጉርሜሳ አጠገብ ተቀመጡ። ሥራ ቦታ ላይ ተቀምጠው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ኦቦ ጉርሜሳ፣ ለምን አምስት አሉት?»

«ሌሊት አሥራ አንድ ላይ እንዲነሣ ነዋ።»

«አሥራ አንድ ለምን አላሉትም?»

«ማሽን የኛን አሥራ አንድ የት ያውቃታል? አበባ እርሻ ስሠራ ስንቴ ተሰድቤባታለሁ። ለማሽን አምስት ነው የሚባለው፤ የጠዋቱ አምስት። እዚያ የጠዋት ምልክት ነበረችው። ይሄኛው ላይ ፀሐይ ነው ያለው፣ እሷን ነካሁ።»

ጋሽ ሰይድ ነገሩ ሲገባቸው ከፊታቸው ይነበባል፤ ግንባራቸው ይላላል። ከዚያ እንደገና ተቋጠረ።

«ካርቶኑን ሲነኩም እንዲሁ አደረጉ?»

«የቱን ካርቶን?»

«ይህ ልጅ ያመጣልዎትን። ሰዓት ያለበትን።»

ኦቦ ጉርሜሳ እኔን አዩኝ፣ ጋሽ ሰይድን አዩ። ሰው ላይ መናገር የሚከብዳቸው ሰው ናቸው። «እሱ የመጣው ከእርስዎ ጋር ነው፣ በፊት። ከዚያ ማሽኑን ሲገጥም መጥቷል፤ መሰላል ይዤለት ነበር። ካርቶን አላየሁም።»

መንገዱ ላይ ባጃጆች ይጮሃሉ። ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ያዩኝ የነበረው አንድ ሰው ካርቶን ሲነካ እንደሚያዩት ነው፤ ሳያርሙ፣ ሳይጠቁሙ፣ ጣቱ ወዴት እንደሚሄድ እየጠበቁ።

ተነሡና ወረቀቱን ከፊቴ አነሡት። ገለበጡት። በባዶው ገጽ ላይ ከጆሯቸው ላይ ያለውን እርሳስ ሳይሆን የራሔልን ስክሪብቶ አስቀመጡ።

«እዚህ ጻፍ» አሉ። «አልሄድኩም በል። አንዲት ቃል ናት።»

«ጋሼ፣ ምንድነው የሚሆነው?» አሉ አቶ ደሳለኝ።

«ልጁ ይጽፋል፣ ያነቡታል።»

ራሔል አልጮኸችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ናሆም» አለችኝ። «ሦስት እርሻ ነው። አንተም፣ ጋሼም፣ እኔም የምንበላው ከዚያ ነው። ሌላ አልልህም።»

ቃሏ እውነት ነበረች። የጋሽ ሰይድም እውነት ነበረች። እኔ ግን ያን ሰዓት ስለ ሦስቱ እርሻም፣ ከፓምፑ ጎን ስላለችውም ክፍል አላሰብኩም፤ እንዳሰብኩ አድርጌ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ያሰብኩት አቶ ደሳለኝ «የት ነበርክ ታዲያ?» ብለው ሲጠይቁኝና ግጥም ሳነብ ነበር ስል ነው። የአዳራሹ ጭብጨባ ትዝ አለኝ። በዚህ ክፍል ውስጥ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት፣ ያን መናገር አልቻልኩም።

ወረቀቱን መልሼ ገለበጥኩት። የታተመው ገጽ ላይ፣ ከስሜ አጠገብ፣ ፈረምኩ።

ራሔል ወረቀቱን ወደ አቶ ደሳለኝ ገፋችው፤ አላየችኝም። ኦቦ ጉርሜሳ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። አንገታቸውን ወደ ጋሽ ሰይድ ዘንበል አድርገው «ማል ጄዳ?» አሏቸው፤ ምን ይላል?

ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን ከአቶ ደሳለኝ እጅ ተቀብለው ከመጀመሪያው እስከ ፊርማው በኦሮምኛ ነገሯቸው። አላለሰለሱትም፤ ምንም አላስቀሩም። የእኔን ስም ሲደርሱ ሙሉ ስሜን ጠሩ። ኦቦ ጉርሜሳ ወለሉን እያዩ ሰሙ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሰዓቱን ያዛባው ተጠቃሚው ነው የሚለው ላይ።

ከዚያ ተነሥተው ፊቴ ቆሙ።

«ሰዓቱን ወደኛ የመለስከው አንተ ነህ?»

«አዎ» አልኩ።

«ጥሩ አስበህ ነበር» አሉ። «ብትነግረኝ ጥሩ ነበር።»

ባርኔጣቸውን አደረጉ። ጋሽ ሰይድ ከሚስማሩ ላይ ኮታቸውን አውርደው ለበሱ፤ ካቻቢቴውን ከሸሚዝ ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከስክሪብቶው ጎን አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ የት ነው?» አለች ራሔል።

«ኦቦ ጉርሜሳን መኪና አሳፍራለሁ።»

«ይመለሳሉ አይደል?»

ጋሽ ሰይድ በሩን ከፍተው ይዘው ኦቦ ጉርሜሳ እስኪያልፉ ጠበቁ፤ ከዚያ ተከትለዋቸው ወጡ። የደረጃው ላይ እርምጃቸው እኩል አልነበረም፤ አንዱ ፈጠን፣ አንዱ ጉልበቱን የሚሳሳለት። በሩ በራሱ የሚመለስ የአሉሚኒየም በር ነው፤ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ መጣና ተዘጋ።